መብራቱ ሰው መኖሩን በምን ያውቃል?

እናቴ ሰውነቷን እየታጠበች ሳለች መብራቱ ጠፋባት። ሌሊት ነበር። ከሻወሩ መስታወት ጀርባ፣ ሳሙናው ዓይኗ ውስጥ ገብቶ፣ ወለሉ ረጥቦ፣ ክፍሉ ድቅድቅ ጨለማ ሆነ። ግድግዳውን በዳበሳ ተከትላ ማብሪያውን አገኘችውና ተጫነችው፤ ምንም አልሆነም። ማብሪያውን ከሥራ ውጪ ያደረግኩት እኔ ነበርኩ። ከሁለት ቀን በፊት እንቅስቃሴ የሚለይ ሴንሰር ግድግዳው ላይ ሰቅዬ፣ «ከእንግዲህ መብራት ማብራትና ማጥፋት ቀረልሽ» ብያት ነበር። ስትወጣ አልተቆጣችኝም። «ልጄ፣ እኔ እኮ ገና አልወጣሁም ነበር» ብቻ አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ስለ አውቶማቲክ መብራት በተነሳ ቁጥር የማስበው ይህችን ንግግሯን ነው። የጉዳዩ አስቸጋሪ ክፍል ያለው እዚያ ውስጥ ነውና። መብራት በራሱ እንዲበራ ማድረግ ቀላል ነው፤ ሰው ሲመጣ የሚለካ ነገር ይዞ ይመጣል፦ ሙቀት፣ እንቅስቃሴ፣ የበር መከፈት። በራሱ እንዲጠፋ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰው አለመኖሩን የሚናገር ምልክት የለም። ያለው ዝምታ ብቻ ነው። ዝምታ ደግሞ ሁለት ፍቺ አለው፤ ወይ ሰውየው ወጥቷል፣ ወይ እዚያው ፀጥ ብሎ ተቀምጧል። ከዚህ በታች የማብራራው አብዛኛው ነገር እነዚህን ሁለት ዝምታዎች ለመለየት የሚደረግ ጥረት ነው።

ሙቀት የሚያየው ዓይን

በየቤቱ ጥግ ተሰቅሎ የሚታየው፣ ፊቱ ላይ ነጭ የፕላስቲክ ጉልላት ያለው ሴንሰር ከሁሉም የተለመደው ነው። ባለሙያዎች «ፒ አይ አር» ይሉታል። ከራሱ ምንም ጨረር አይልክም፤ የሚመጣለትን ብቻ ይቀበላል። የሰው ገላ፣ እንደ ማንኛውም ሙቀት ያለው ነገር፣ ታህተ ቀይ ወይም ኢንፍራሬድ የሚባለውን ዓይናችን የማያየውን ጨረር ያለማቋረጥ ያመነጫል። ለዓይናችን የሚታየው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ገደማ ነው፤ ከገላችን የሚወጣው ጨረር ግን በ10 ማይክሮሜትር አካባቢ ይበረታል። ሴንሰሩ የተሠራው ይህንን እንዲያይ ነው።

በውስጡ ሁለት ጥቃቅን ግማሾች አሉ፤ የተያያዙትም እርስ በርስ እንዲቃረኑ ተደርገው ነው። ክፍሉ በሙሉ ቀስ በቀስ ቢሞቅ ሁለቱም እኩል ይሞቃሉና አንዱ የሌላውን ምልክት ያጠፋዋል፤ ሴንሰሩ ዝም ይላል። ሰው ሲያልፍ ግን ጨረሩ መጀመሪያ በአንዱ፣ ቀጥሎ በሌላው ላይ ያርፋል። በመካከላቸው ልዩነት ይፈጠራል፤ መብራቱም ይበራል። ጉልላቱ ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም። ፈረንሳዊው የፊዚክስ ሊቅ ኦጉስታን ዣን ፍሬኔል እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ ለመርከቦች መንገድ ለሚያሳዩ የባሕር ዳርቻ ማማዎች ያበጀው የሌንስ ዓይነት ነው። ፍሬኔል ወፍራሙን መስታወት በቀጫጭን ቀለበቶች ከፋፍሎ አቀለለው። ያኔ ብርሃንን ወደ ሩቅ ባሕር የወረወረው ብልሃት ዛሬ በተቃራኒው ከክፍሉ ጥግ ሁሉ የሚመጣውን ሙቀት ሰብስቦ በአንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፋል። ክፍሉንም እንደ ማራገቢያ በተዘረጉ ጠባብ ቀጣናዎች ይከፋፍለዋል፤ ሴንሰሩ የሚነቃው ሰው ከአንዱ ቀጣና ወደ ሌላው ሲሻገር ነው።

ይህንን አሠራር የተረዳ ሰው ሴንሰሩን የት እንደሚሰቅል ማንም ሳይነግረው ያውቃል። ቀጣናዎቹን አቋርጦ የሚሄድ ሰው በቀላሉ ይታያል፤ በቀጥታ ወደ ሴንሰሩ የሚመጣ ግን ለረጅም እርምጃ በአንዱ ቀጣና ውስጥ ስለሚቆይ ዘግይቶ ይታያል። ስለዚህ በረጅም ኮሪደር መጨረሻ ላይ፣ ፊቱን ወደ መጪው አዙሮ መስቀል ብዙዎች የሚሠሩት ስሕተት ነው። በኮሪደሩ ጎን፣ ሰው ከበሩ እንደወጣ በፊቱ አቋርጦ በሚያልፍበት ቦታ ቢሰቀል መብራቱ ገና በመጀመሪያው እርምጃ ይበራል። ሴንሰሩ የሚያየው ልዩነትን ስለሆነም የክፍሉ አየር ወደ ሰው ቆዳ ሙቀት፣ ማለትም ወደ 33 ወይም 34 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ሲጠጋ ዓይኑ ይደክማል። ከምድጃ በላይ፣ ከአየር ማሞቂያ ፊት ለፊት ወይም ቀጥተኛ ፀሐይ በሚያርፍበት መስኮት ትይዩ ከተሰቀለ ደግሞ ሰው ሳይኖር ሰው ያያል።

በእናቴ ላይ የደረሰው ምን ነበር? ተራ የመስኮት መስታወት ለእኛ ዓይን ግልጽ ቢሆንም ከገላ የሚወጣውን ረጅም ሞገድ ያለውን ታህተ ቀይ ጨረር አያሳልፍም። ለዚያ ሴንሰር የሻወሩ መስታወት እንደ ድንጋይ ግንብ ነው። እናቴ ስትገባ አያት፣ አበራላት። ከመስታወቱ ጀርባ ስትሄድ ከዓለም ጠፋችበት። የሞላሁለት የሁለት ደቂቃ የመጠበቂያ ጊዜ አለቀ፤ አጠፋባት። ሴንሰሩ አልተበላሸም ነበር፤ የተሠራበትን ሥራ በትክክል ሠርቷል። ጥፋቱ እንቅስቃሴን ማየትና ሰውን ማየት አንድ እንደሆነ አድርጌ መቁጠሬ ነው።

እስትንፋስ የሚቆጥረው ራዳር

ይህንን ድክመት ለመሙላት በቅርብ ዓመታት ወደ ቤት የገባ ሌላ ዓይነት ሴንሰር አለ፤ በ24 ወይም በ60 ጊጋኸርትዝ የሚሠራ ትንሽ ራዳር። ይህኛው እንደ ፒ አይ አር የሚመጣለትን አይጠብቅም። ደካማ የሬዲዮ ሞገድ ልኮ ተመልሶ የሚመጣውን ያዳምጣል። የሞገዱ ርዝመት በሚሊሜትር የሚቆጠር ስለሆነ በጣም ትንሽ እንቅስቃሴ እንኳ በተመላሹ ሞገድ ላይ ይታያል። ሰው መጽሐፍ ይዞ ሶፋ ላይ ሳይነቃነቅ ቢቀመጥም ደረቱ በእስትንፋሱ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ራዳሩ ይህንን ይይዛል። ከሁለቱ ዝምታዎች አንደኛውን፣ «ፀጥ ብሎ ተቀምጧል» የሚለውን፣ በመጠኑም ቢሆን የሚሰማ መሣሪያ ይህ ነው።

ግን የራሱ ጣጣ አለው። ስስ ግድግዳን፣ የእንጨት በርንና መጋረጃን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ በጎረቤት ክፍል ያለውን ሰው እዚህ እንዳለ አድርጎ ሊቆጥር ይችላል። የሚሽከረከር ማራገቢያና በነፋስ የሚወዛወዝ መጋረጃ ሕይወት ያላቸው ይመስሉታል። ስለዚህ ከሰቀሉት በኋላ የሚያየውን ርቀት በሜትር መገደብና የስሜቱን ልክ ዝቅ እያደረጉ መሞከር ግድ ነው። የሚፈልገው ኃይልም ከፒ አይ አር ይበልጣል፤ ፒ አይ አር በአንዲት ትንሽ ክብ ባትሪ ከዓመት በላይ ሲቆይ ራዳሩ ብዙውን ጊዜ ከኤሌክትሪክ መስመር ጋር መገናኘት አለበት።

በእኔ አመለካከት የተሻለው ሁለቱን ማጣመር ነው። ፒ አይ አር ፈጣን ነው፤ በትክክለኛው ቦታ ከተሰቀለም ሰው መግባቱን በአስተማማኝ ሁኔታ ስለሚናገር ማብራቱ ለእርሱ ይተው። ራዳሩ ደግሞ አንድ ጊዜ የበራውን መብራት ሰው እስካለ ድረስ ጠብቆ ያቆይ። ራዳሩ ብቻውን እንዲያበራ ካልተፈቀደለት መጋረጃ ስለተወዛወዘ ሌሊት መብራት አይበራም። ፒ አይ አር ብቻውን እንዲያጠፋ ካልተፈቀደለትም ተቀምጦ የሚያነብ ሰው በጨለማ አይቀርም።

ራዳር ሳይገዙ ለመታጠቢያ ቤት የሚሆን ሌላ ዘዴ አለ፤ እኔ በጣም የምወደው እርሱን ነው። በሩ ላይ ማግኔት ያለው የበር ሴንሰር ይለጠፋል። አንደኛው ቁራጭ በሩ ላይ፣ ሌላው መቃኑ ላይ ይሆንና ሲራራቁ «ተከፈተ»፣ ሲገናኙ «ተዘጋ» ይላሉ። ከዚያ ሕጉ እንዲህ ይሆናል፦ በሩ ከተዘጋ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ እንቅስቃሴ ከታየ ውስጥ ሰው አለ ማለት ነው። በሩ እስኪከፈት ድረስ፣ አንድ ሰዓትም ቢሆን ምንም እንቅስቃሴ ባይታይ፣ መብራቱ አይጠፋም። ሰው በተዘጋ በር አይወጣምና። የሰዓት ቆጠራው የሚጀምረው በሩ ሲከፈት ብቻ ነው። እዚህ ላይ ማሽኑ ዝምታን መገመት ትቶ ከክፍሉ ቅርጽ የሚገኝ እርግጠኛ ነገርን ይጠቀማል። ሁለት በር ላለው ወይም በሩ ሁልጊዜ ክፍት ለሚውል ክፍል ግን አይሠራም።

ስንት ደቂቃ ይጠብቅ?

እያንዳንዱ ሴንሰር የመጨረሻውን እንቅስቃሴ ካየ በኋላ የሚጠብቅበት ጊዜ አለው። አዲስ እንቅስቃሴ ባየ ቁጥር ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። ብዙ ሰው ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ብሎ ይህንን ጊዜ ወደ 30 ሴኮንድ ወይም ወደ አንድ ደቂቃ ያወርደዋል። በዚህ ላይ ቆም ብሎ ማስላት ያስፈልጋል።

አንድ የተለመደ 9 ዋት የኤልኢዲ አምፖል ያለ ሥራ ለ10 ደቂቃ ቢበራ የሚበላው 1.5 ዋት ሰዓት ነው። ቆጣሪው ላይ አንድ ኪሎዋት ሰዓት ለመሙላት እንዲህ ያለው ብክነት ከ660 ጊዜ በላይ መደጋገም አለበት። ተመሳሳይ ብርሃን የሚሰጠው የድሮው ባለ 60 ዋት አምፖል በነዚሁ 10 ደቂቃዎች 10 ዋት ሰዓት ይበላ ነበር። አጭር ጊዜ መሙላት ያኔ ትርጉም ነበረው፤ ዛሬ ግን ያ ልማድ ከዘመኑ አልፎ የቀረ ነው። ሰው የሚቀመጥበት ክፍል ላይ 15 ወይም 20 ደቂቃ፣ መታጠቢያ ቤት ላይ ቢያንስ 15 ደቂቃ ይሞላ። ማንም ቆሞ በማይቆይበት ኮሪደርና ደረጃ ላይ ብቻ ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል። የአንድ ሰው በረጠበ ወለል ላይ መንሸራተት በስንት ዋት ሰዓት ይመነዘራል?

በዚህ ላይ አንድ የተደበቀ ነገር አለ። በባትሪ የሚሠሩ ብዙ ሴንሰሮች አንድ ጊዜ እንቅስቃሴ ካዩ በኋላ ባትሪ ለመቆጠብ ለአንድ ደቂቃ ያህል፣ አንዳንዶቹም ከዚያ በላይ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ፊታቸው ቢዘፈን እንኳ አያዩም። የመጠበቂያ ጊዜው ከዚህ ካነሰ መብራቱ በሚንቀሳቀስ ሰው ላይ ይጠፋል፤ ባለቤቱም ዕቃው ተበላሽቷል ብሎ ይመልሰዋል።

ሌላው ብዙ ሰው የማይሠራበት፣ እኔ ግን በየቤቱ ቢኖር የምመኘው ልማድ ማስጠንቀቂያ ነው። መብራቱ ድንገት ድርግም ከማለት ይልቅ ሊጠፋ 30 ሴኮንድ ሲቀረው ወደ ግማሽ ይደብዝዝ። ውስጥ ያለ ሰው እጁን አንሥቶ «አለሁ» ለማለት ጊዜ ያገኛል። ይህንን ለማድረግ አምፖሉና መቆጣጠሪያው ብርሃን ማደብዘዝ የሚችሉ መሆን አለባቸው።

ጨለማው ስንት ነው?

እንቅስቃሴ መኖሩ ብቻውን ለማብራት በቂ ምክንያት አይደለም፤ በጠራራ ፀሐይ የሚበራ የኮሪደር መብራት ሴንሰሩን ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ አብዛኞቹ ሴንሰሮች የብርሃን መለኪያ አብረው ይይዛሉ። መለኪያው ሉክስ ይባላል። ቀጥተኛ የቀትር ፀሐይ ወደ 100,000 ሉክስ ይደርሳል፤ ማታ መብራት የበራበት ሳሎን ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 300 ሉክስ ያህል ነው፤ የሙሉ ጨረቃ ብርሃን ከአንድ ሉክስ በታች ነው። ዓይናችን ራሱን እያስተካከለ ስለሚያሞኘን ይህ ሁሉ ልዩነት አይታወቀንም፤ ስለዚህ ገደቡን በግምት ከመሙላት ይልቅ «አሁን ጨለመብኝ» ባሉባት ቅጽበት ሴንሰሩ የሚያሳየውን ቁጥር አይቶ መያዝ ይሻላል።

የብርሃን መለኪያ አንድ የታወቀ ወጥመድ አለው። ክፍሉ ሲጨልም መብራቱ ይበራል፤ መለኪያው የመብራቱን ብርሃን አይቶ «ነግቷል» ይላል፤ መብራቱ ይጠፋል፤ ወዲያው ይጨልማል፤ እንደገና ይበራል። መድኃኒቱ ሁለት የተራራቁ ገደቦችን መስጠት ነው፦ ለምሳሌ ከ40 ሉክስ በታች ሲሆን አብራ፣ ከ200 በላይ ሲሆን አጥፋ። በሁለቱ መካከል ያለው ስፋት መብራቱ ራሱ ከሚጨምረው ብርሃን መብለጥ አለበት። ከዚህም የሚቀለው መለኪያውን ለማብራት ብቻ መጠየቅ ነው። ከበራ በኋላ ስለ ብርሃን አይጠየቅም፤ ማጥፋቱ የሰው መኖርና አለመኖር ጉዳይ ብቻ ይሆናል።

ሰዓትና ፀሐይ

የጊዜ ሰሌዳ ከሴንሰር በፊት የነበረ፣ ቀላሉና አስተማማኙ መንገድ ነው። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ አብራ፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ አጥፋ ይባላል። ችግሩ ፀሐይ በሰዓት አለመገዛቷ ነው። ከምድር ወገብ አጠገብ የቀኑ ርዝመት ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት ስለሚጠጋ ጀምበር የምትጠልቅበት ሰዓት የሚለዋወጠው በግማሽ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ የተቆረጠ ሰዓት እዚያ ብዙም አያሳስትም። በሰሜን 60 ዲግሪ ላይ ግን የቀኑ ርዝመት በታኅሣሥ ወደ 6 ሰዓት ወርዶ በሰኔ ወደ 19 ሰዓት ይጠጋል። እዚያ የተቆረጠ ሰዓት በየሳምንቱ ካልተስተካከለ ዋጋ የለውም።

ስለዚህ የተሻሉት መሣሪያዎች ጀምበር መጥለቂያን በስሌት ያውቃሉ። የቦታው ኬክሮስና ኬንትሮስ አንድ ጊዜ ከተሞላላቸው የየቀኑን የፀሐይ መውጫና መጥለቂያ ራሳቸው ያሰላሉ፤ ለዚህ ምንም ሴንሰር አያስፈልግም። ከዚያ የሚቀረው ልዩነቱን መወሰን ነው። ጀምበር ከጠለቀች በኋላም ፀሐይ ከአድማስ በታች 6 ዲግሪ እስክትወርድ ድረስ ውጪው ድንግዝግዝ ብርሃን አለው፤ ይህ ጊዜ በምድር ወገብ አካባቢ ከ20 ደቂቃ ጥቂት ቢበልጥ ነው፣ ወደ ዋልታዎቹ በቀረብን መጠን ግን ይረዝማል። ለውጪ መብራት ጀምበር ከጠለቀች 15 ደቂቃ በኋላ መልካም ነው። ለቤት ውስጥ ግን በተቃራኒው ነው፤ ክፍል ከደጅ ቀድሞ ስለሚጨልም ግማሽ ሰዓት ቀደም ማለት ይገባል። ሰሌዳው ደመና መምጣቱን አያውቅም፤ ያንን ብርሃን መለኪያው ይወቅለት።

ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ ሰዓቱ የሚጠፋበት መሣሪያ እንዳይገዛ አጥብቄ እመክራለሁ። የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ ያለው ወይም ሰዓቱን ከኔትወርክ የሚያስተካክል ካልሆነ ከአንድ መቋረጥ በኋላ የውጪውን መብራት ቀትር ላይ ሲያበራ ይገኛል።

የጊዜ ሰሌዳ ትልቁ ጥቅም ግን፣ በእኔ እምነት፣ ማብራትና ማጥፋት ሳይሆን የብርሃኑን ልክና ቀለም መለወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 ተመራማሪዎች በዓይናችን ሬቲና ውስጥ ለማየት ከሚያገለግሉት የተለዩ፣ ብርሃንን በራሳቸው የሚቀበሉ ሕዋሳት መኖራቸውን አሳዩ። እነዚህ ሕዋሳት ቀን ይሁን ሌሊት ለአንጎል ይናገራሉ፤ ከሁሉ በላይ የሚነቃቁትም የሞገድ ርዝመቱ ወደ 480 ናኖሜትር በሚጠጋ ሰማያዊ ብርሃን ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውኃ ለመጠጣት የተነሳን ሰው 6,500 ኬልቪን በሚሆን ነጭ ብርሃን (ኬልቪን የብርሃን ቀለም መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃኑ ወደ ቢጫና ቀይ ያደላል) ሙሉ በሙሉ ማጥለቅለቅ ለአንጎሉ «ነጋ» ብሎ መዋሸት ነው። በተጨማሪም ጨለማን የለመደ ዓይን ያንን ልምዱን በቅጽበት ያጣል፤ መልሶ ለማግኘት ግን ብዙ ደቂቃዎች ይወስድበታል። ወደ አልጋው ሲመለስ መንገዱን አያይም።

ስለዚህ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋት ባለው ጊዜ ያው ሴንሰር ያንኑ መብራት ቢያበራም በ5 ወይም በ10 በመቶ ብርሃን፣ በ2,200 ኬልቪን አካባቢ ባለ የፍም መልክ ይሁን። ከጉልበት በታች የተቀመጠ ትንሽ መብራት ወለሉን ያሳያል፣ ዓይን ውስጥ አይገባም። በዕድሜ የገፋ ሰው ባለበት ቤት ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ያለው መንገድ እንዲህ ቢደረግ፣ የቀረው ቤት በሙሉ በእጅ ማብሪያ ቢቀጥል እንኳ፣ የአውቶማቲክ መብራት ዋናው ጥቅም ተገኝቷል እላለሁ። መኝታ ቤት ውስጥ ግን የጣሪያውን መብራት ከእንቅስቃሴ ሴንሰር ጋር በፍጹም አላገናኝም። ሰው በእንቅልፉ ይገላበጣል።

ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው?

ሴንሰሩ ያያል፣ አምፖሉ ይበራል፤ በመካከላቸው የሚወስን አንጎል አለ። ቀላሉ ሴንሰሩና ማብሪያው በአንድ ሳጥን የተቀመጡበት ነው። ኔትወርክ አያስፈልገውም፣ ስልክ አያስፈልገውም፣ ለዕቃ ቤትና ለደረጃ ከዚህ የተሻለ የለም። ብዙ ክፍሎችን አንድ ላይ ማስተዳደር ሲፈለግ ግን መሣሪያዎቹ መነጋገር አለባቸው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1975 የተፈለሰፈው «ኤክስ 10» የተባለው የቤት ዕቃዎች መነጋገሪያ ዘዴ በቤቱ የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ራሱ መልእክት ይልክ ነበር። ዛሬ መልእክቱ የሚሄደው በአየር ነው፦ በዋይፋይ፣ በብሉቱዝ፣ በዚግቢ፣ በዚ-ዌቭ ወይም በትሬድ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው «ማተር» የተባለው ስምምነት ደግሞ የተለያዩ አምራቾች ዕቃዎች አንዱ የሌላውን ቋንቋ እንዲሰማ ለማድረግ የተዘጋጀ ነው።

ከሁሉም በላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ ኢንተርኔት ሲቋረጥ መብራቱ ይበራል ወይ? በአንዳንድ ሥርዓቶች ሴንሰሩ ያየው ነገር ባሕር አቋርጦ ወደ አምራቹ ኮምፒውተር ሄዶ ትእዛዝ ሆኖ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ኢንስቲዮን የተባለው የቤት አውቶሜሽን ኩባንያ አገልጋይ ኮምፒውተሮቹን ያለ ማስጠንቀቂያ ሲያጠፋ ደንበኞቹ በመተግበሪያው ይቆጣጠሩት የነበረውን ሁሉ በአንድ ቀን አጡ። ውሳኔው ቤት ውስጥ በተቀመጠ አነስተኛ መቆጣጠሪያ ላይ ከተሰጠ እንዲህ ያለ ነገር አይደርስም። እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ በነፃ የሚሰራጨው «ሆም አሲስታንት» ለዚህ የታወቀ ፕሮግራም ነው። በዚያ ላይ ማን በየትኛው ሰዓት የት ክፍል እንደነበረና ቤቱ መቼ ባዶ እንደሚሆን የሚናገር መዝገብ ከቤት ባይወጣ ይመረጣል።

አምፖሉ ይሁን ማብሪያው ዘመናዊ፣ ማለትም ትእዛዝ በኔትወርክ የሚቀበል፣ የሚሆነው? ለእኔ ማብሪያው ነው። ዘመናዊ አምፖል በግድግዳው ማብሪያ ከተጠፋ ኤሌክትሪኩ ይቋረጥበታልና ትእዛዝ አይሰማም። ዚግቢን በመሳሰሉት ኔትወርኮች ደግሞ አምፖሎቹ የአንዱን መልእክት ለሌላው ስለሚያቀብሉ የአንዱ መጥፋት ከበስተኋላው ያሉትን ሴንሰሮች ሊያስቆርጥ ይችላል። ፍጆታውም መታሰብ አለበት። ዘመናዊ አምፖል ጠፍቶም ትእዛዝ ለመስማት ግማሽ ዋት ገደማ ይበላል። 0.4 ዋት ቢሆን በቀን 9.6 ዋት ሰዓት ነው። በቀን 10 ደቂቃ ብቻ የሚበራ ባለ 9 ዋት የዕቃ ቤት አምፖል የሚበላው 1.5 ዋት ሰዓት ነበር፤ ለቁጠባ ተብሎ በዘመናዊ አምፖል ሲተካ በመጠበቅ ብቻ ከስድስት እጥፍ በላይ ይበላል። ዘመናዊ አምፖል ከተገዛም ከመቋረጥ በኋላ ኤሌክትሪክ ሲመለስ ምን እንደሚያደርግ ቅንብሩ ይታይ። ብዙዎቹ ሲመለስ ሙሉ ብርሃናቸውን ይዘው ይበራሉ፤ ሌሊት ከሆነ ቤቱን በሙሉ ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳሉ።

ዘመናዊ ማብሪያ ለመግጠም የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ግድግዳው ውስጥ ኒውትራል፣ ማለትም ኮረንቲው የሚመለስበት ሽቦ፣ መኖሩን ነው። በብዙ አሮጌ ቤቶች ያለው ወደ ማብሪያው የሚወርደው፣ ኮረንቲ የሚያመጣው ፌዝና ከማብሪያው ወደ አምፖሉ የሚሄደው ሽቦ ብቻ ነው። ማብሪያው ራሱ ለመሥራት ኤሌክትሪክ ስለሚያስፈልገው ያለ ኒውትራል የሚሠሩት ዓይነቶች ጥቂት ኮረንቲ በአምፖሉ በኩል ያሳልፋሉ፤ አነስተኛ የኤልኢዲ አምፖል በዚህ ሳቢያ ጠፍቶም ብልጭ ብልጭ ሊል ወይም ደብዛዛ ብርሃን ሊሰጥ ይችላል። ለዚህ አምፖሉ አጠገብ የሚገጠም አነስተኛ ማስተካከያ አለ። ሽቦ ከመነካቱ በፊት ብሬከሩ ይውረድ፣ ኮረንቲ አለመኖሩም በመሞከሪያ ይረጋገጥ። በውኃ አጠገብ ያለ ሥራ ሁሉ ደግሞ ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ይተው።

እጅ ይቅደም

አንድ ሕግ ከሌሎቹ ሁሉ በላይ ይቀመጥ፦ ሰው በእጁ ያደረገውን ማሽኑ አይሻር። በእጅ የጠፋ መብራት ክፍሉ ባዶ ሆኖ እንደገና ሰው እስኪገባ ድረስ በሴንሰር አይበራ። በእጅ የበራ ደግሞ ሴንሰሩ ካበራው ይልቅ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆይ፤ ሰውየው ፈልጎ ነው ያበራው። ማብሪያው በተለመደው ቦታ፣ በበሩ ጎን፣ ቤቱን የማያውቅ እንግዳ እጁን ሲዘረጋ በሚያገኘው ከፍታ ላይ ይኑር። እኔ ያጠፋሁት ጥፋት ከሴንሰሩ ምርጫ የባሰው ይኸው ነበር፤ የእናቴን እጅ ከንቱ አድርጌው ነበር።

አሁን መታጠቢያ ቤቱ ማብሪያው ተመልሶለታል። እናቴ ስትገባ እንደ ቀድሞዋ ራሷ ታበራለች፤ በእጇ ማብራት ትወዳለች። በሩ ተዘግቶ ሴንሰሩ አንድ ጊዜ ካያት እስክትከፍተው ድረስ ምንም ነገር አያጠፋባትም። ከወጣች 15 ደቂቃ በኋላ፣ ረስታው ከሆነ፣ መብራቱ ለ30 ሴኮንድ ደብዝዞ ይጠፋል። ሌሊት እግሯን ከአልጋ ስታወርድ ከአልጋው ሥር ያለው ትንሽ መብራት ወለሉን ብቻ ያሳያታል፤ ጫማዋን ታገኝበታለች።